በሰም የተለካ አረር

ሰው በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፤ ሚስት ሲያጭ ዘሯን ይጠይቃል፤ መሬት ሲካፈል ድንበሩን በእግሩ ይረግጣል። የአረር ፎርማ ሲመርጥ ግን ምን እንደሚያይ የነገረኝ አልነበረም። ቢነግረኝም አልሰማም ነበር። ይህን ከአሁኑ ልናዘዝና ሸክሜ ይቅለልልኝ።

የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጢሜ ከበቀለ በኋላ ስለሆነ አንዳንዱ ፊደሌ እንደ አሮጌ በቅሎ ያነክሳል፣ አንዳንዱም መንገድ ላይ ይተኛል። ታገሡት። ባለቤቴ የሻረግ "ነገሩን ሰው አጣሞ ከሚያወራው አንተው ራስህ አጣመህ ጻፈው" ብላኝ ነው ደብተር ያነሳሁት።

በእኛ አገር፣ ከቆሰበር ወጣ ብሎ ባለው ገጠር፣ ሙሽራ ሊወስድ የመጣ አጃቢ ሰተት ብሎ አይገባም። የሴቷ ወገን ከመስኩ ዳር ረጅም እንጨት ተክሎ ደረቅ ቅል ያንጠለጥላል። ከወንዱ ወገን ታላቅ የሆነው ሰው ያንን ቅል በሦስት ተኩስ መምታት አለበት። ከመታ እልልታ ነው። ከሳተም መግባቱን ይገባል፤ በቅል ምክንያት ሙሽራ የተከለከለ የለም። ነገር ግን የሴቷ አክስቶች ግጥም ያወጡለታል። ግጥም ደግሞ ከድግሱ ጋር አያልቅም።

እኔ የሻረግን ሳገባ አባቴ በገዛ ሽጉጡ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። አንዱ ሰማይ ገባ። አንዱ የሰው ጎተራ በሳ። ሦስተኛው እስከ ዛሬ የት እንደደረሰ አልተሰማም። ቅሉ ነፋስ እያወዛወዘው በሰላም ዋለ። የየሻረግ አክስት፣ ነፍሷን ይማር፣ ምላሷን ግን እንጃ፣ "አዛኝ ነው አዛኝ ነው፣ ቅሉን ማረው" ብላ አወረደችው። በዚያው ቤታችን "ቅል ማሪ" ተባለ። አባቴ ቅል ማሪ እንደተባለ አረፈ። እኔ ቅል ማሪ እንደተባልሁ ሸበትሁ። ይህስ ይሁን። የልጅ ልጄ አንተነህ ተምሮ ዳንግላ መምህር ሲሆን ስሙ ከእኛ መንደር በሄደ አንድ ተማሪ ጀርባ ተፈናጥጦ ክፍል ገባ። "መምህር ቅል ማሪ!" ልጁ ይህን ሲነግረኝ ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም፤ አየሁት።

አንተነህ አዘና አካባቢ ልጅ አጨ፣ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። ሽማግሌ ተሰብስቦ የሚተኩሰው ማነው ሲባል አንዱ "ክላሽ አለ፤ ቅሉን ከነእንጨቱ ይዞት ይሄዳል" አለ። እኔ ብድግ አልሁ።

"ቅሉ የተማረው በአባቴ ሽጉጥ ነው፤ የሚሞተውም በአባቴ ሽጉጥ ነው!"

ተናግሬ ሳልቀመጥ ቆጨኝ። ግን የተፋሁትን መዋጥ አልችልበትም። ጥርስ ስለሌለኝ ሳይሆን ልማዴ ስላልሆነ ነው።

ሽጉጧ የዛሬዎቹ ዓይነት አይደለችም። የምትጎርሰው በአፈሙዟ ነው፤ መጀመሪያ ባሩድ፣ ቀጥሎ አረር፣ ማለትም ባቄላ የምታህል የእርሳስ ድብልብል። አንዴ ተኩሰህ ሁለተኛውን እስክታጎርሳት ጠላትህ ቤቱ ሄዶ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። መሣሪያ ይመዝገብ የተባለ ጊዜ ቀበሌ ብወስዳት ጸሐፊው አገላብጦ አያትና "አባባ፣ በመሣሪያ ልመዝግባት ወይስ በጌጥ?" አለኝ። "እንደ እኔ በሽማግሌ መዝግባት" አልሁት። ወረቀቷ ላይ የጻፈውን እስካሁን አላነበብሁትም፤ ጽሑፉ ቅጥልጥል ነው።

ባሩድ አባቴ ይይዝበት ከነበረው ቀንድ ውስጥ ተርፏል። አረር ግን አንዲት የለም፤ አረር የምታወጣዋ ፎርማም ከአባቴ ጋር ጠፍታለች። ፎርማ ጉጠት የመሰለች ብረት ናት። አፏ ውስጥ ጎድጓዳ አላት፤ የቀለጠ እርሳስ ታፈስባታለህ፣ ሲበርድ ትከፍታታለህ፣ አረሯ እንደ እንቁላል ዱብ ትላለች።

አንተነህ ለዕረፍት ሲመጣ በስልኩ አሳየኝ። ለካ በሰው አገር ይህ ነገር ጨዋታ ኖሯል! እኛ ገበጣ እንደምንጫወት እነሱ እርሳስ እያቀለጡ አረር ሲያወጡ ይውላሉ። ፎርማው ባለ አንድ ጎድጓዳ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ስድስት። አረሩም ባለ ክብ አፍንጫ፣ ባለ ደፍጣጣ አፍንጫ፤ የሰው ዘር መስሏል።

"የቱ ይሻላል አባባ?"

"ባለ ስድስቱ ስድስት ቅል ይፈልጋል። እኛ ያለን አንድ ነው።"

"የአፈሙዙን ስፋት በቁጥር ይጠይቃሉ እኮ።"

"ቁጥር ለግብር ነው። አፈሙዝ ቁጥር አያውቅም።"

ይህን ስንባባል ኔትወርኩ ሄደ፤ ፎርማዎቹም አብረውት ሄዱ።

ኋላ ከሰል ጫኞች ናቸው የነገሩኝ። ጫግኒ ላይ ወይዘሮ ብርቄ የሚሏት አሮጌ ብረታ ብረት የምትሸጥ ሴት አለች፤ ባሏ በሕይወት ሳለ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር፤ የተወው ዕቃ ውስጥ የአረር ፎርማ አይጠፋም አሉኝ። ሽጉጧን ይዤ እንዳልሄድ ኬላ ላይ ፍተሻ አለ። እንግዲህ ልኳን እንጂ እሷን መውሰድ አልችልም። አሰብሁ፣ አሰብሁ፣ መላው መጣልኝ። ከቀፎ የወጣ ሰም አሽቼ፣ አድቦልቡዬ፣ ባዶዋን ሽጉጥ አፈሙዟ ላይ ጫን አድርጌ አወጣሁት። ቁርጥ የአፈሙዟ ልክ! የጥር ውርጭ ነው፤ ሰሙ ወዲያው እንደ ድንጋይ ጠጠረ። በጨርቅ ጠቅልዬ በደረት ኪሴ ከተትሁት። ራሴን ወደድሁት። የአገር መሐንዲስ መሰልሁ።

"አንተ ሰው፣" አለች የሻረግ፣ "ጫግኒ ቆላ መሆኑን ታውቃለህ?"

"ቆላ ቢሆንስ? እኔ ሰም ነኝ እንዴ የምቀልጠው?"

ይህን ያልሁት ስለራሴ ነው። ስለሰሙ ማን አሰበ።

ሚኒባሱ ቁልቁል በወረደ ቁጥር ሰው ልብስ ያወልቃል። መጀመሪያ ጋቢ፣ ቀጥሎ ኮት፣ ቀጥሎ ሹራብ። እኔ አላወለቅሁም፤ በመንገድ ላይ ልብስ ማውለቅ አልወድም። በግራዬ የጤፍ ጆንያ፣ በቀኜ ዶሮ የታቀፈች ወፍራም ሴትዮ ነበሩ። በየኩርባው ሴትዮዋ እኔ ላይ፣ እኔ ጆንያው ላይ፣ ዶሮዋ ሁላችን ላይ። ጫግኒ ስንደርስ ፀሐይዋ እንደ አበዳሪ አናቴ ላይ ቆመች። ለፎርማው መለወጫ ያመጣሁትን የድንች ጆንያ በባጃጅ አስጭኜ ከወይዘሮ ብርቄ ሱቅ ደረስሁ።

ቀጭን ናት፣ ዓይኗ ፈጣን። ነገሩን ሰምታ ሦስት ፎርማ ጨርቅ ላይ ደረደረችልኝ። ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ።

"ልኩን አምጥተዋል አባቴ?"

ኩራት ኩራት እያለኝ ጨርቁን ፈታሁ። ሰሙ ወገቡ ሰፍቶ፣ ራሱ ተድጦ፣ አንድ የዶሮ ላባ ተሰክቶበት ወጣ።

ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየነው።

"ይህ ሰም መንገዱ አልከበደውም?" አለች።

"እንደዚሁ ነው ከቤት የወጣው።"

"ላባውም?"

"ሴትዮ፣ ልክ ነው ያልሁሽ! የገዛ ሽጉጤን አላውቃትም?"

"እሺ አባቴ፣ እርስዎ ያውቃሉ። ግን እኔ ብሆን መካከለኛዋን ነበር የምወስድ። ባለቤቴ እንዲህ ያለች ሽጉጥ ሲጠግን ይህችን ነበር የሚያነሳ።"

ሴት ወይዘሮ መካከለኛዋን ስትለኝ እኔ መካከለኛዋን ልወስድ? ሰሙን ትልቋ ላይ አጋደምሁት፤ ልክክ አለ። ትልቋን ይዤ ተመለስሁ።

እርሳስ ከቆሰበር ጎሚስታ ለምኜ አግኝቻለሁ፤ መኪና ጎማ ላይ ለሚዛን የምትለጠፈዋን ማለቴ ነው። የሻረግ "በእኔ ድስት ከሆነ እኔና አንተ ተለያየን፤ ጢሱም ከቤቴ እንዳይደርስ" ስላለች ከጓሮ አልፌ፣ ለከሰል ከተከልነው የዲከረንስ ዛፍ ጥግ፣ በተበሳ የብረት መጥበሻ ነው ያቀለጥሁት። ውነቴን ነው፣ ጨዋታው ደስ ይላል። ያ ድንጋይ የመሰለ ነገር ብርማ ውሃ ሲሆን፣ ከፎርማው ሲወጣ እንደ አዲስ ሽልንግ ሲያብረቀርቅ፣ የሰባ ዓመት ሰው መሆንህን ያስረሳሃል። አሥር አወጣሁ። አንዷ ከሌላዋ ታምራለች።

አንዷን ወስጄ አፈሙዟ ላይ ባኖራት ላዩ ላይ ቁጭ አለች። ገፋሁ። ቁጭ። በመዳፌ መታሁ። ቁጭ። ኮርማ በዶሮ ቤት በር ሊገባ የሚታገል ይመስል ነበር።

"ትልቅ ነው?" አለች የሻረግ ከኋላዬ።

"አረሯ ልክ ናት። ሽጉጧ ናት የጠበበች። ብርዱ ነው፤ ብረት በብርድ ይኮማተራል።"

"ስንት ይኮማተራል?"

"እሱ ይለያያል።"

ሦስት ሌሊት ሽጉጧን ጋቢ አልብሼ አሳደርኋት፤ እኔ በነጠላ ስንቀጠቀጥ አደርሁ። እሷ ሞቃት፣ አልሰፋችም። እኔ ጉንፋን ያዘኝ። የሻረግ ጠብ ስትፈልግ ወደ አገውኛ ነው የምትገባው፤ አማርኛችን ለእንግዳ ነው። ያን ሰሞን ቤታችን አማርኛ አልተሰማም።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀረው። ሌላ ድንች፣ ሌላ ሰም፣ ሌላ ሚኒባስ። ሰሙን አሁን በእርጥብ ቅጠል ጠቀለልሁት። ወይዘሮ ብርቄ አየችው፤ አሁንም ትንሽ ሰፋ ብሏል።

"ይኸው እንደገና አብጧል አባቴ። መካከለኛዋን ይውሰዱና ይገላገሉ።"

እኔ ግን ተምሬያለሁ። ሰም በቆላ ይሰፋል፤ እንግዲህ የሰፋውን መቀነስ ነው። ትንሿን አነሳሁ።

"አባቴ፣ ለምን መካከለኛዋን ጠሏት? በደለችዎ?"

በደሏ አንድ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ እሷን ያነሳኋት እኔ አይደለሁም። ይህን ግን አልነገርኋትም። ትንሿን ይዤ ተመለስሁ።

የትንሿ አረር ስትገባ እንዴት ደስ ትላለች! ሳይገፏት ሸርተት ብላ ወረደች። "አየሽ?" አልሁ። የሻረግ አየችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። 

በማግስቱ የሙሽሪት አያት፣ አያ ታከለ፣ ስለ ድግሱ ሊነጋገር ከአዘና መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ነገር ሲያይ ግን ጢሙን ይዞ ነው የሚስቅ። ጠላ ቀርቦለት ጨዋታው ሲሞቅ እኔን ኩራት ነካኝ። ባሩድ የሌለባትን ሽጉጥ አረሯን ብቻ አጉርሼ አመጣሁና፣

"ቅልዎን ይሰናበቱት አያ ታከለ! ይህችን ያያሉ?" ብዬ አፈሙዟን ወደ መሬት ዘቅዝቄ ላሳየው ጎንበስ አልሁ።

ጠብ።

አረሯ ተንከባልላ ወርዳ ከአያ ታከለ ዋንጫ ገባች። ጠላው ፍንጥቅ ብሎ ጢሙን አራሰው።

ሰውዬው ዋንጫውን አየ። ሽጉጧን አየ። እኔን አየ።

"ይህች ሽጉጥ ትተኩሳለች ብለውኝ ነበር፤ ለካ የምትወልድ ናት" አለ።

የሻረግ ሳቋን በነጠላዋ አፍና ወጣች፤ ከውጭ ሆና ስትፈነዳ ግን ሰማኋት። አያ ታከለ አረሯን በጣቱ አውጥቶ፣ ጠርጎ፣ በመዳፌ አስቀመጠልኝ።

"ይማሩት ግድ የለም፤ የእኛም ቅል እኮ ነፍስ አለው" አለ።

ሰዎች፣ ያን ጊዜ ነው የወደቅሁት። ሳቁ አይደለም። ስሙ አዘና ደርሶ እኔን ሲጠብቀኝ ነበር። እንግዲህ አንተነህ ይህን ስም ይዞ ሊያገባ ነው፤ ልጁም ሊወለድበት ነው፤ ያም ልጅ ፊደል ሲቆጥር ቅል ማሪ ሊባል ነው። ሁሉም የእኔ አፍ ያመጣው ነው። ክላሹን ብቀበል ኖሮ ይኼኔ ጉዳዩ ባለቀ።

እንግዳው ሲሄድ የሻረግ ጓሮ ወረደች። ከቀርከሃው አንዲት ቀጭን ቅርንጫፍ ቆርጣ፣ በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጋ አፈሙዟ ላይ ሞከረች። ወፈረ፤ ፋቀች። ደግማ ሞከረች፤ ልክ ገባ፤ አይጠብ፣ አይላላ።

"ቀርከሃ ቆላም አያውቅ፣ ደጋም አያውቅ" አለች በአማርኛ። በአማርኛ መናገሯ መታረቃችን ነበር።

"ይህን ከመጀመሪያው ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬህ ነበር። መሐንዲስ ስለነበርህ አልሰማህም።"

አብራኝ ጫግኒ ወረደች። ቀርከሃዋ የቱ ፎርማ ውስጥ እንደገባች ልንገራችሁ? አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ወይዘሮ ብርቄ "ተመስገን፣ በስተመጨረሻ ሰው ይዘው መጡ" አለችኝ። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ስለ እኔ እያወሩ ሲስቁ፣ እኔ መንገድ ላይ የድንች ጆንያ ስጠብቅ ዋልሁ። መካከለኛዋን ስንወስድ ብርቄ ድንቹን ግማሽ መለሰችልን፤ "ለትዕግሥትዎ ነው" አለች። ትዕግሥተኛ ስባል ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። አዘና ስንደርስ ውርጩ ገና ከሣሩ አልተነሣም። ቅሉ ከመስኩ ዳር፣ ከጀርባው ገደል ብቻ ካለበት፣ ከእንጨቱ ላይ ተንጠልጥሏል። የሙሽሪት አክስቶች በአንድ በኩል ተሰልፈዋል፤ ግጥሙ ጉሮሯቸው ላይ ተዘጋጅቶ ይታየኛል። አንተነህ በጥቁር ልብሱ ከሚዜዎቹ መካከል ቆሟል፤ እኔን አያይም፣ ጫማውን ነው የሚያይ።

አንደኛውን ተኮስሁ። የአባቴ ባሩድ አርጅቷል፤ ፍስስ ብላ ጢስ ብቻ ወጣ። አክስቶቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሁለተኛውን ተኮስሁ። ጓ! አለች። ከእንጨቱ ጎን ከበቀለ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ቆረጠች። ቅሉ ተወዛወዘ፤ ልክ በእኔ ሠርግ ቀን እንደተወዛወዘው።

ሦስተኛውን አጎረስሁ። የሻረግ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ መጣች፤ ወግ አይደለም፣ መጣች።

"ተቀመጥ" አለችኝ።

"ምን?"

"ቆሞ የሚተኩስ ጎልማሳ ነው። አንተ ሽማግሌ ነህ። ተቀመጥ፣ ክንድህን ጉልበትህ ላይ አሳርፍ።"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ክርክር ታዘዝሁ። ከውርጩ ላይ ቁጭ አልሁ። ተኮስሁ።

ጢሱ ገለል ሲል ቅሉ እንዳለ ነው። አልወደቀም፣ አልተሰበረም። አንዷ አክስት አፏን ከፈተች፤ "አዛኝ ነው..." ብላ ጀመረች።

"ቆይ" አለ አያ ታከለ።

ሄደ። ቅሉን አወረደ። አገላበጠው። ከዚያ ጆሮው አጠገብ አድርጎ ናጠው፤ የደረቀ ፍሬው ሿ ሿ ይላል፤ ከሿታው መሐል ግን አንዲት ከባድ ነገር ኳ ኳ ትላለች። ጉልበቱ ላይ መትቶ ሰበረው። ፍሬው ሣሩ ላይ ፈሰሰ፤ ከፍሬው መሐል አረሯ ተንከባልላ እግሩ ሥር ቆመች። ባሩዱ ደክሞ፣ ገብታ መውጫ አጥታ ኖሯል። አንሥቶ ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ።

"ይህችን አላውቃትም" አለ። "እኔ የማውቃት ትንሿን ናት፤ ጠላዬ ውስጥ የተወለደችውን። ይህችኛዋ ግን ገብታለች! ግቡ!"

እልልታው ቀለጠ። አንተነህ ከጫማው ቀና አለ። እኔ ልነሳ ብል ሱሪዬ ከውርጩ ጋር ተጣብቋል፤ ሁለት ሚዜ ነው ጎትቶ ያነሣኝ።

ቅል ማሪ የሚለው ስም እዚያው መስክ ላይ ቀረ። በእርግጥ ሰው ባዶ እጁን አይሸኝህም፤ የሻረግ ለአክስቶቹ የጫግኒውን መንገድ ከነላባው አጫውታቸው ኖሮ፣ ሳይመሽ "ሰም ለኪው" ተባልሁ። ይሁን። ይህ የእኔ ብቻ ነው፤ አንተነህ ጋ አይደርስም። በአፌ ያመጣሁትን በአናቴ ብሸከም ምን አለበት።

የሻረግ ያን ቀን የፈሰሰውን የቅል ፍሬ ለቅማ በነጠላዋ ቋጥራ አምጥታ ነበር። ክረምት ሲገባ ከአጥሩ ሥር ቀበረችው፤ አሁን አጥሩን አልፎ ዲከረንሱ ላይ ወጥቷል፤ የተንጠለጠለው ቅል ብዛቱ! ይደርቃል፤ እንፈልገዋለን። የአንተነህ እኅት ደርሳለች። ባለፈው እሑድ ሽማግሌ መጥቶ ነበር፤ የልጁ አያት ደግሞ እንደ እኔው ግትር ነው፣ እሱም ከፊት የምትጎርስ አሮጌ ሽጉጥ አለችው፣ እሱም "በአባቴ ሽጉጥ ነው!" ብሎ ተነሥቶ ፎከረ። ፎክሮ ሲያበቃ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ "እርስዎ የአረር ፎርማ አለዎት ይባላል፤ ያውሱኝ ይሆን?" አለኝ።

አለኝ እንጂ። ሦስት አለኝ። የትኛዋን እንደማውሰው ገና አልወሰንሁም፤ ትልቋን እየጠረግሁ አስባለሁ። ይህን ያወቀች የሻረግ ግን ቀርከሃዋን ከመካከለኛዋ ጋር በክር አስራ፣ ለሰውዬው መስጫ ብላ ከበሩ አጠገብ ሰቅላታለች።